ከወለድ ነጻ የቤት ግዢ፦ ከመፈረማችን በፊት ውሉን እናንብብ

በአገራችን ባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት በመስኮት ደረጃ እንዲሰጡ የሚፈቅደው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑት ዘምዘም እና ሂጅራ ባንኮች ሥራ ለመጀመር ግን አሥር ዓመት ያህል ጠብቀዋል። እስከዚያው ድረስ ሪባን የሚሸሽ ሙስሊም ቤት ለመግዛት ያለው አማራጭ ጠባብ ነበር፤ ሙሉውን በካሽ መክፈል፣ ከዘመድ መበደር ወይም ተከራይቶ መኖር። አሁን በሩ ተከፍቷል፤ አልሐምዱሊላህ። ሆኖም “ከወለድ ነጻ” የሚለውን ስም አይቶ ብቻ ውል መፈረም በኋላ ለጭቅጭቅ ይዳርጋል።

በብዛት የሚሠራበት ውል ሙራበሃ ነው። ባንኩ ቤቱን ከባለቤቱ ገዝቶ፣ ትርፉን ጨምሮ በክፍያ ለእኛ ይሸጥልናል። ውሉን ከወለድ ብድር የሚለየው ይኸው ቅደም ተከተል ነው። ባንኩ ቤቱን ሳይገዛ ብሩን ለሻጩ ብቻ ከፍሎ ከእኛ ትርፍ ከተቀበለ ግብይቱ ስሙን የለወጠ ብድር ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “ባንኩ ቤቱን የሚገዛው መቼ ነው? በየትኛው ሰነድ?” የሚል ይሁን። የስም ማዛወሪያ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ስንት ጊዜ እንደሚከፈልም አብሮ ይጠየቅ።

የሙራበሃ ዋጋ አንዴ ከተቆረጠ አይጨምርም፤ የዋጋ ንረት ባለበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላኛውን ጎኑን ነው። እንበል ባንኩ 3 ሚሊዮን ብር አውጥቶ፣ በ15 ዓመት በሚከፈል 6 ሚሊዮን ብር ሸጠልን። አምስት ዓመት ከፍለን 2 ሚሊዮን አስገባን፤ 4 ሚሊዮን ቀረን። በዚህ መሃል ሥራ ወይም የቤተሰብ ጉዳይ አስገድዶን ቤቱን ለመሸጥ ብንነሳስ? በወለድ ብድር ቢሆን ቀድሞ የሚከፍል ሰው የመጪዎቹን ዓመታት ወለድ አይከፍልም። በሙራበሃ ግን 6 ሚሊዮኑ የሽያጭ ዋጋ ስለሆነ ባንኩ ሙሉውን 4 ሚሊዮን የመጠየቅ መብት አለው። ቅናሽ (ኢብራእ) ቢያደርግ በጎ ፈቃዱ ነው። ቅናሹን በውል ላይ ማስፈር ይቻላል ወይስ አይቻልም በሚለው ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ የማሌዥያ ማዕከላዊ ባንክ ግን ባንኮች በውሉ እንዲያካትቱት አድርጓል። የእኛም ባንኮችና የሸሪዓ አማካሪዎቻቸው በዚህ ላይ ያላቸውን አቋም ለደንበኛው አስቀድመው ቢነግሩ መልካም ነው። ደንበኛውም ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ፤ ከፈረመ በኋላ የመደራደር አቅሙ ትንሽ ነው።

ስለ መዘግየት ቅጣትም እንዲሁ። ክፍያ ሲዘገይ የሚጣል ቅጣት የባንኩ ገቢ ሊሆን አይገባም፤ ወደ በጎ አድራጎት ይሄዳል። ውሉ ይህን በግልጽ ይላል?

ቤቱን ቶሎ ሊሸጥ እንደሚችል ለሚያስብ ሰው፣ ካገኘው፣ እየቀነሰ የሚሄድ ሙሻረካ ይሻለዋል። ቤቱ የባንኩና የደንበኛው የጋራ ነው፤ ደንበኛው በባንኩ ድርሻ ላይ ኪራይ እየከፈለ ድርሻውን ጥቂት በጥቂት ይገዛል። እዚህ ላይ ጥገና ይነሳል። በሸሪዓው መርህ እንደ ጣሪያና ግድግዳ ያለው ዋና ጥገና በባለቤቱ ላይ ነው፤ ባንኩም ባለቤት እስከሆነ ድረስ የድርሻውን ይሸከማል። ተከራይ የሚሸከመው የቧንቧና የመብራቱን ዓይነት የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ውሉ ሁሉንም በደንበኛው ላይ ከጫነ ምክንያቱን መጠየቅ መብታችን ነው። ኢንሹራንሱም እንዲሁ፤ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የተካፉል መመሪያ ስላወጣ፣ ባንኩ ቤቱ ለእሳት አደጋ ዋስትና እንዲገባለት ሲጠይቅ “በተካፉል ይሁንልኝ” ማለት ይቻላል።

ውሉ የቱንም ያህል ሐላል ቢሆን የቤቱ ሰነድ ካልጠራ ዋጋ የለውም። ካርታውን ይዞ ወደ ክፍለ ከተማ ሄዶ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ማጣራት፣ ቤቱ የባልና የሚስት ከሆነ የሁለቱንም ስምምነት ማግኘት፣ የውርስ ከሆነ ወራሾቹን ሁሉ ማወቅ ግድ ነው። ሽያጩ በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ ወይም በፍርድ ቤት ይመዝገብ።

በተለይ አሳሳቢው በውክልና የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለዕጣው ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ስለሚከለከል አንዳንዶች ብሩን ተቀብለው ውክልና ብቻ ይሰጣሉ። ወካዩ ሲሞት ግን ውክልናው ያበቃል፤ ቤቱ አሁንም በሟች ስም ስለሆነ ወራሾች ይጠይቁታል። በዓረብ አገራት ለፍተው ባጠራቀሙት ብር በዘመድ በኩል ቤት የሚገዙ እህቶቻችን ብር ከመላካቸው በፊት ካርታው በማን ስም እንዳለ፣ ከግዢው በኋላስ በማን ስም እንደሚወጣ ይጠይቁ።