አባዱላውን ከፍ ያደረጋችሁት ለማን ብላችሁ ነው?

«መንገዱ መጥፎ ነው።» ሚኒባሱ ላይ የፒክአፕ ጎማ ያስገጠመ ሁሉ የሚመዛት መልስ ይህች ናት። ማን ካደ? መጥፎ ነው። ግን እስቲ ልጠይቅ፤ አባዱላውን ሰውና ዕቃ ሞልቶ፣ ጎሃ ጽዮንን አልፎ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ ሹፌር የሚያስፈልገው ቁመት ነው ወይስ ፍሬን?

ሒሳቡን ጎማ ሻጩ አይነግራችሁም። አባዱላ ከምንለው ሃይኤስ ብዙው ከፋብሪካ የሚወጣው 195 አር 15 ሲ በሚባለው ጎማ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 69 ሳንቲ ሜትር ገደማ። 235/75 አር 15 ኦል ቴሬን የሚባለው የፒክአፕ ጎማ ደግሞ 73 ተኩል ይጠጋል። ከዚህ ልዩነት መኪናውን ከመሬት የሚያነሣው ግማሹ ብቻ ነው፤ 2 ሳንቲ ሜትር። የአውራ ጣት ውፍረት! ባለቤቱ ለዚህች ብሎ ነው ያን ሁሉ ብር የሚከሰክሰው?

ብሩ የራሱ ነው፤ ይክፈል። እኛ የምንከፍለውስ? ጎማ ሲተልቅ ማርሹ ሁሉ ይረዝማል። በሁለተኛ ማርሽ ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ጉልበት 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ፍሬኑም እንደዚያው፤ ሸራው ያው ሸራ፣ ዲስኩ ያው ዲስክ፣ የሚያቆመው ጎማ ግን ትልቅ። ቆጣሪው 80 ሲል መኪናው 85 ይሮጣል። ከ1,000 ሜትር በላይ በሚያወርደው በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ይህ ቀልድ ነው?

ጭነቱን ደግሞ እዩ። የፋብሪካው ጎማ ጎን ላይ 106 የሚል ቁጥር አለ፤ አንዱ ጎማ እስከ 950 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ከእነዚያ ግዙፍ ኦል ቴሬኖች መካከል ግን 105 የተጻፈበት ሞልቷል፤ 925 ኪሎ። ትልቁ ከትንሹ ያነሰ ይሸከማል! ጎማውን ያስገጠመው ግን ቁጥሩን አላነበበም፤ ያየው ጥርሱን ብቻ ነው።

አንድ ጋራዥ ቆሜ ያየሁት እስከ ዛሬ ያናድደኛል። መሪው ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ይበላል። መካኒኩ ቆርቆሮውን በመዶሻ ቀጠቀጠ፤ ፕላስቲኩን በግራይንደር ቆረጠ፤ ቶርሽን ባሩን አጥብቆ የመኪናውን ፊት ሰቀለው። የፍሬኑ የላስቲክ ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ነበር። «ይሄስ?» አልኩት። «ችግር የለውም ጋሼ፣ ይለምዳል» አለኝ። ላስቲክ ምን ይለምዳል? ላስቲክ ይበጠሳል!

ኦል ቴሬን ጭቃና ጠጠር ላይ ይረዳል፤ አልክድም። ታዲያ በፋብሪካው ልክ፣ ለጭነት ተብሎ የተሠራ ኦል ቴሬን አለ እኮ! የመንገዱ ነገር አንገብግቧቸው ከሆነ ለምን እሱን አያስመጡም? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እሱ መናኸሪያ ውስጥ አይታይም። «ወይ ግርማ ሞገስ!» አያስብልም። አብዛኛው ሃይኤስ እኮ በኋላ እግሩ ብቻ የሚገፋ መኪና ነው፤ ጎማ ስለተለቀ ላንድክሩዘር አይሆንም።

ባለቤቱስ አያውቅም? ጥርት አድርጎ ያውቃል! ባያውቅማ የቦሎ ሰሞን የድሮውን ጎማ ከጓዳ አውጥቶ ለምን ያስገጥማል? ምርመራውን በልኩ ጎማ ያልፋል፤ በማግስቱ ትልቁን መልሶ ሰው ይጭናል። ለመርማሪው ያፈረበትን ነገር ለእናቶቻችን አላፈረበትም።

እኛም ደህና አይደለንም። ከፍ ያለውን መርጠን እንሳፈራለን፤ ኩርባው ላይ ሲያዘነብል ወንበር ጨብጠን እንጸልያለን፤ «ቀስ በል» ለማለት ግን አፋችን ይታሰራል። ሹፌሩ እንዳይቀየመን! ከመቀየሙና ከመገልበጣችን የቱ ይከብዳል?

ትክክለኛው የጎማ ልክ የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ ትርፍ ሰው የሚቆጥረው ተቆጣጣሪ በሩን ይክፈትና ያንብበው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጎማው ላይ ያለውን ያንብብ። ካልገጠመ መኪናው አይውጣ!