ያላየነውን ውጤት ጻፉ ስለተባልንበት ፈተና
ለዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የኮምፒውተር ላብ ሳይከፈት ስለተሰጠ የላብ ውጤት

ክቡር ፕሬዚዳንት፣

ላቡ እንዲከፈትልን የክፍላችን ተማሪዎች የፈረሙበት ማመልከቻ በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት ቢሮዎ ገብቷል፤ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» የሚል መልስም ደርሶናል። ከዚያ ወዲህ ያነጋገረን ሰው የለም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጥያቄ ቁጥር 4 እሄዳለሁ።

የኔትወርክ ሴኩሪቲ የተግባር ፈተናችን አራተኛ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ በላቡ ውስጥ ያለውን ሰርቨር በኤንማፕ ለመቃኘት የሚያስፈልገውን ትእዛዝ ጻፉ፤ ትእዛዙ የሚያወጣውንም ውጤት ጻፉ። የተፈተንነው ሌክቸር አዳራሽ ውስጥ ነው። በእጃችን የነበረው ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው። ኮምፒውተር አልነበረም። ሰርቨሩንም አንድ ቀን አይተነው አናውቅም።

ትምህርቱን ለማታውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ኤንማፕ ወደ አንድ ኮምፒውተር አነስተኛ የመረጃ እሽጎች ልኮ የትኛው ፖርት (የግንኙነት በር) መለሰ፣ የትኛው ዝም አለ ብሎ የሚያሳውቅ ፕሮግራም ነው። መልሱ ያለው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የቱንም ያህል ያጠና ተማሪ ከጭንቅላቱ ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ ፈጠርን። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ፖርት 22 ክፍት ነው ብሎ ጻፈ፤ እኔ ዝግ ነው ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስልን ሁለታችንም ሙሉ ነጥብ አግኝተናል። አንድ ሰርቨር፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ፈተና ላይ ክፍትም ዝግም ሆነ፤ ሁለቱም ትክክል ተባለ። ሁለቱም ወረቀቶች በእጄ ናቸው።

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ የእኛ ሙያ የቆመው የሆነውን ብቻ በመመዝገብ ላይ ነው። ከባንክ ገንዘብ ሲጠፋ፣ የሆስፒታል ሲስተም ሲቆለፍ፣ መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሎጉን፣ ማለትም ሲስተሙ የሆነውን የመዘገበበትን ፋይል ነው። ሎግ የፈጠረ ሰው ማስረጃ ፈጠረ ማለት ነው። ከዚህ ሙያ በር ላይ ደርሰን በተግባር የተፈተንነው ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ በመጻፍ ነው፤ ያውም በዩኒቨርሲቲው ማኅተም ስር።

ይህ አንድ ጥያቄ ብቻውን ቢሆን ኖሮ በግቢው ውስጥ ይቀር ነበር። የዚያው ፈተና ሁለተኛ ጥያቄ ደግሞ ሁለት ኮምፒውተሮች ግንኙነት ሲጀምሩ ዋየርሻርክ የተባለው የኔትወርክ መከታተያ ፕሮግራም የሚያሳየውን ስክሪን በእጃችን እንድንስል ያዝዛል። የላቡ በር ከሴሚስተሩ መጀመሪያ አንሥቶ «ለመውጫ ፈተና የተዘጋጀ፣ መግባት ክልክል ነው» በሚል ወረቀት ታሽጓል፤ ፎቶው ከማመልከቻችን ጋር ተያይዟል። በዲፓርትመንቱ የተለጠፈው የክፍለ ጊዜ ሠሌዳ ግን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የላብ ሰዓት እንደሆነ ይናገራል። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል የላብ አቴንዳንስ መጣና ያልገባንባቸውን ሐሙሶች አንድ በአንድ እንድንፈርም ተጠየቅን። የፈረሙ ጓደኞቼን አልወቅሳቸውም፤ ያልፈረመ ፈተና አይቀመጥም ተብለዋል። በመጨረሻ በተለጠፈው ውጤት ላይ ከ100ው ነጥብ 40ው የላብ ነው።

መምህራችንንም አልከስም። ቁልፉ እሱ ጋ አልነበረም። በራሱ ላፕቶፕ ላይ ቨርችዋል ማሽን ከፍቶ በፕሮጀክተር ሊያሳየን ሲሞክር መብራት የጠፋበትን ቀን ሁላችንም እናስታውሳለን። የሚጠየቀው ቁልፉን ይዞ ዝም ያለው አካል ነው። ቀደም ሲል ለዚህ አቤቱታ ስንሄድ ከኃላፊዎች የሰማነው «የመውጫ ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ቲዎሪው ይበቃችኋል» የሚል ሲሆን፣ አንዱማ «ሃከር ልትሆኑ ነው እንዴ?» ብሎ መልሶናል።

ለሁለቱም መልስ አለኝ። የመውጫ ፈተናን አልቃወምም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን እንደማይወስድ እያወቅን ነው የተማርነው፤ ፈተናው በኮምፒውተር እንደሚሰጥም እናውቃለን። ግን ለጥቂት ቀናት ፈተና ተብሎ ሙሉ ሴሚስተር የሚታሸግ ላብ የማን ነው? ቲዎሪው ይበቃል ለተባለውም፣ በእጃችን ያለው ሀንዳውት ዴስ የተባለውን የምስጠራ ስልት ዛሬም ሰው የሚተማመንበት አድርጎ ያስተምራል። የዴስ ቁልፍ 56 ቢት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ሥራ የተገነባ ማሽን ከሦስት ቀን ባነሰ ጊዜ ሰብሮታል፤ የአሜሪካ መንግሥትም ኤኢኤስ የተባለውን አዲስ ስልት በ2001 ተክቶ ዴስን በ2005 ከደረጃ መዝገቡ አውጥቶታል። የእኛ ሀንዳውት ይህን አልሰማም። ላብ ቢኖረን አጭር ቁልፍ እንዴት እንደሚሰበር በራሳችን ሞክረን እናይ ነበር።

ሃከር ትሆናላችሁ ለተባለው ደግሞ የሀገሪቱን ሕግ ልጥቀስ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3፣ ያለ ፈቃድ ሆን ብሎ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ወይም ኔትወርክ የገባን ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል፤ ጥቃቱ በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ታዲያ በዚህ ሀገር አንድ የሳይበር ደኅንነት ተማሪ ሰርቨር መቃኘትን፣ የይለፍ ቃል ጥንካሬ መፈተሽን፣ ሰብሮ መግባትንና መከላከልን በሕጋዊ መንገድ የሚለማመድበት ቦታ የት ነው? ከውጭው ኔትወርክ የተለየ፣ የራሱ ማሽኖች ያሉት፣ ዩኒቨርሲቲው ፈቃድ የሰጠበት ላብ ነው። ላፕቶፕ የሚገዛለት ተማሪ ዶርሙ ውስጥ የራሱን ላብ ይሠራል። የማይገዛለት ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል፦ ሳይለማመድ ይመረቃል፣ ወይም በግቢው ዋይፋይና በሰው ሲስተም ላይ ይለማመዳል። ያ ልጅ ነገ ቢያዝ አንቀጽ 3 ይነበብበታል፤ ላቡን የዘጋበትን ሰው የሚጠራ አንቀጽ ግን የለም። ይህ ያስቆጣኛል፣ ክቡር ፕሬዚዳንት፤ ማክበሬ ቁጣዬን እንዲሸፍነው አልፈልግም።

ወላጆች፣ ይህን ስታነቡ ነገሩ የተማሪዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና ችግሩ በሲስተም ማሻሻያ ወቅት እንደተፈጠረ ገልጿል፤ በአንድ ሌሊት ግን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ ወጥቷል። ያን ጊዜ ካወጡት መካከል የነበሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ ሥነ ምግባር ይማሩ የሚል ድምፅ በየቦታው ተሰምቷል። ልክ ነው፣ እንማር። የሚያስተምረን ተቋም ግን ያልተሠራ ሥራ እንደተሠራ አድርገን እንድንፈርም ሊጠይቀን አይገባም። ደመወዛችሁ በስልክ ባንክ ይገባል፤ ፋይዳ መታወቂያችሁ፣ የጣት አሻራችሁ፣ የልጆቻችሁ ውጤት ኮምፒውተር ላይ ነው። ያን ሁሉ ነገ እንዲጠብቅ የሚቀጠረው ከእንዲህ ያለ ክፍል የሚወጣ ተመራቂ ነው። እኛም የወጪ መጋራት ውል ፈርመናል፤ ያልተሰጠንን የላብ ትምህርት ከደመወዛችን እየተቆረጠ እንከፍላለን።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። በመጀመሪያ ላቡ ዛሬ ይከፈትና የተግባር ፈተናው በኮምፒውተር ላይ እንደገና ይሰጠን፤ የወረቀቱ ውጤት ይሰረዝ፣ ያለ ትምህርት የተፈረመው አቴንዳንስም ከፋይል ይውጣ። ማን ላቡን እንዳሸገና በማን ትእዛዝ እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልን። የእኛ ክፍል ቢስተካከል ግን አይበቃም። ከእኛ በታች ያሉት የሦስቱ ዓመት ተማሪዎችም በዚሁ በር ያልፋሉና፣ የመውጫ ፈተና ኮምፒውተሮች ከማስተማሪያ ላብ እንዲለዩ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ይወስን። የትምህርት ሚኒስቴርም ላብ የሌለው ዲፓርትመንት በዚህ መስክ ተማሪ እንዳይቀበል ያድርግ፤ የመውጫ ፈተናውም ቢያንስ አንድ የተግባር ክፍል ይኑረው፣ እጁ የማይሠራ ተማሪ በምርጫ ጥያቄ ብቻ እንዳይመረቅ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ለዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የጋራ መለማመጃ ኔትወርክ ይዘርጋ፤ በክረምት ለሚመረጡ ጥቂት ወጣቶች የሚያዘጋጀውን ስልጠና ማንም አይጠላውም፣ የኔ ጥያቄ ግን ስላልተመረጡት ተማሪዎች ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም አዋጁን ሲያሻሽል፣ የሲስተም ክፍተት አግኝቶ በቅንነት ለባለቤቱ ያሳወቀ ተማሪ ከሌባ ጋር በአንድ ሚዛን እንዳይመዘን ግልጽ መንገድ ይክፈትለት።

ብዙ ጠየቅክ ሊሉኝ ይችላሉ። በማመልከቻችን ላይ የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሩ እንዲከፈት። ያኔ ተከፍቶ ቢሆን ቀሪውን ባልጻፍኩት ነበር።

መልስዎን በጽሑፍና በማኅተም፣ ሁሉም ተማሪ በሚያነብበት ሠሌዳ ላይ እንጠብቃለን። ምረቃው ከመድረሱ በፊት መልስ ካልተሰጠን፣ ሁለቱን የፈተና ወረቀቶች፣ የላቡን ፎቶና የአቴንዳንሱን ግልባጭ ይዘን ጉዳዩን ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እናቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሳይበር ደኅንነት የአራተኛ ዓመት ተማሪ