ስሞልቶክ ሲሳሳት፦ ባለበት ይታረም ወይስ ከጽሑፉ ይጀመር?

እ.ኤ.አ. በጁን 2019 ሱዳን ውስጥ ኢንተርኔት ተዘግቶ ከ1 ወር በላይ ቆየ። ካርቱም ውስጥ፣ አባይ ዳር ባለችው ቡሪ፣ በዚያን ጊዜ ኮድ የተበላሸበት ሰው መልሱን ከገዛ ማሽኑ መፈለግ ነበረበት። የፕሮግራም ቋንቋ ለእንዲህ ያለው ሰው ምን ያህል ይበጀዋል? በስሞልቶክ ጉዳይ ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ባለበት ይታረም

የመጀመሪያው ጸሐፊ ከቋንቋው አወላለድ ይነሳል። በ1970ዎቹ አለን ኬይ፣ ዳን ኢንጋልስ፣ አዴል ጎልድበርግና ባልደረቦቻቸው በዜሮክስ ፓርክ ስሞልቶክን ሲሠሩ፣ ማረሚያውና በመሥራት ላይ ያለው ፕሮግራም ኢሜጅ በሚባል ፋይል አብረው እንዲኖሩ አደረጉ። ስህተት ሲፈጠር ፕሮግራሙ አይሞትም፤ ባለበት ቆሞ ይጠብቃል።

ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበትን ጉድጓድ ይጠቅሳል። ሰውየው አዲስ ኦርደርድኮሌክሽን፣ ማለትም ተራ የሚጠብቅ ዝርዝር፣ ይፈጥርና በዚያው መስመር በ«አድ» 5ን አስገብቶ ውጤቱን በስም ያስቀምጣል። «አድ» የሚመልሰው ግን ዝርዝሩን ሳይሆን የገባውን 5 ነው። ቀጥሎ 6ን ሊጨምር ሲሞክር ቁጥሩ «ይህን መልእክት አላውቅም» ይላል። ዲባገሩ፣ ማለትም የስህተት መመርመሪያው መስኮት፣ ይከፈታል፤ ስሙን ሲጫን ዝርዝር በጠበቀበት ቦታ 5 ቁጭ ብሎ ያገኘዋል። የ«አድ»ን ኮድ እዚያው ያነባል፣ የራሱን ሜተድ ያርማል፣ ሥራው ከሜተዱ መጀመሪያ ይቀጥላል። ኢንተርኔት አላስፈለገውም።

ለዚህ ጸሐፊ ይህ የባለሙያ ቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የታደለው ኤክስኦ ላፕቶፕ፣ በስኩዊክ ስሞልቶክ የተሠራውን ኢቶይስን ይዞ ነበር። በኢቶይስ ልጅ የሣላት መኪና እየሄደች ሳለ ትእዛዟን መቀየር ይችላል።

ከጽሑፉ ይጀመር

ሁለተኛው ጸሐፊ የዲባገሩን ውበት አይክድም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ዲባገሩ የማይከፈትበት ስህተትስ? ስሞልቶክ በሁለት ቁጥሮች መካከል የሚገቡ የስሌት ምልክቶችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሠራ፣ 2 + 3 * 4 የሚሰጠው 14 ሳይሆን 20 ነው። ማንም አይጮህም፣ መስኮትም አይከፈትም። ይህን የሚይዘው አስቀድሞ የተጻፈ ፈተና ብቻ ነው፤ ለዚህም ኬንት ቤክ የፈተና መሣሪያውን ኤስዩኒትን የሠራው በዚሁ ቋንቋ ነው።

የበለጠ የሚያሰጋው አሮጌ ኢሜጅ ነው። አንድ ክላስ ላይ አዲስ ተለዋዋጭ ሲጨመር፣ ቀድመው የተፈጠሩት ኦብጀክቶች በዚያ ቦታ «ኒል» ይዘው ይቀራሉ። አዲሶቹ ይሠራሉ፣ አሮጌዎቹ ይወድቃሉ፤ ያው ኮድ አንዱ ማሽን ላይ ደህና ሆኖ ሌላው ላይ ይበላሻል። ስለዚህ ኮዱ በጽሑፍ ወጥቶ በንጹሕ ኢሜጅ ላይ ይጫን፣ ስህተቱም እዚያ ይደገም ይላል። ጂኤንዩ ስሞልቶክ ከመነሻው በጽሑፍ ፋይል ይሠራል፤ ሌላው የስሞልቶክ ዓይነት፣ ፋሮ 7፣ ደግሞ በ2019 አይስበርግ የተባለውን መሣሪያ ይዞ ወጥቶ ኮዱን ከጊት ጋር አገናኝቷል።

የመጀመሪያው ይመልሳል፦ የተቀበልነው ለውጥ ሁሉ በ«ቼንጅስ» ፋይል ይመዘገባል፤ ኢሜጁን ሳናስቀምጥ መብራት ቢጠፋ ከዚያ ይመለሳል።

ሁለተኛው በኤፕሪል 2023 ሱዳን ውስጥ የተጀመረውን ጦርነት ያስታውሰዋል። ብዙ ሰው ከካርቱም የወጣው ቤቱን ጥሎ ነው። እዚያ በቀረ ኮምፒውተር ላይ ኢሜጁም «ቼንጅሱም» አብረው ቀርተዋል፤ የተረፈው አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ የተላከው ነው።

ይህን የመጀመሪያው ይቀበላል፤ ፈተናው ቀድሞ ቢጻፍም ይስማማል፣ የጎደለው ሜተድ በዲባገሩ ውስጥ ሊጻፍ ይችላልና። የማይስማሙት በቅደም ተከተሉ ነው። እሱ አስቀድሞ የቆመውን ፕሮግራም መርምሮ ምክንያቱን ማግኘት ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ግን ስህተቱ በንጹሕ ኢሜጅ ላይ እስኪደገም ድረስ አንድ መስመር እንዲነካ አይፈቅድም።