ጠመንጃው ከእኛ፣ ጥይቱ ከሰው

«የአቧራ ሳል ነው» አለች እናቴ። እኔም አምኜ ተቀበልኩ። ታናሽ ወንድሜ የታክሲ ረዳት ነው። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል የሚውል ሰው ቢያስለው ምን ይገርማል? ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ሌሊት ሌሊት አንሶላው በላብ ይርስ፣ ሱሪውም ከወገቡ ይንሸራተት ጀመር። ያኔ እጁን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ አልጽፍም። እዚያ ያገኘኋቸው ሠራተኞች በሌላቸው ነገር መወቀስ የለባቸውም።

አክታ ስጥ ተባለ፤ ሰጠ። በላቦራቶሪው መስኮት አጮልቄ ሳይ፣ አራት ትንንሽ በሮች ያሉት ግራጫ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እንደ ሳሎን ቴሌቪዥን ዳንቴል አልብሰውታል። ስለዚህ ማሽን አንብቤ ስለነበር ደስ አለኝ። «ጂን ኤክስፐርት አይደል? በሁለት ሰዓት ውጤት የሚሰጠው?» አልኩት ባለሙያውን።

«እሱ ነው ወንድሜ» አለኝ። «ካርትሪጅ ካለቀብን ግን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። በማይክሮስኮፕ እናይለታለን።»

በማይክሮስኮፕ ታየለት። ጀርም የለበትም ተባለ። አሞክሲሲሊን ታዘዘለትና በማግስቱ ተመልሶ ታክሲው በር ላይ ተንጠለጠለ። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ በሚሄድበት ሚኒባስ ውስጥ አምስት ሳምንት ሙሉ እያሳለ ሂሳብ ሰበሰበ። በአምስተኛው ሳምንት ሌላ ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። እዚያ ካርትሪጅ ነበር። ጠዋት የሰጠው አክታ ከምሳ በፊት ውጤት ሆኖ መጣ፤ ቲቢ አለበት፣ ደግነቱ ጀርሙ ሪፋምፒሲን የሚባለውን መድኃኒት አልተላመደም። በእነዚያ አምስት ሳምንታት ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ሲያድሩ የነበሩት እናቴና የሦስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ናቸው። ልጅቷ ሦስት ወር ሙሉ የመከላከያ ክኒን ስትውጥ ከረመች። ታክሲው ውስጥ ከጎኑ የተቀመጡትንስ ማን ይቁጠራቸው?

ለመሆኑ ማይክሮስኮፑ ዋሽቶ ነው? አልዋሸም። ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 የቲቢን ጀርም አግኝቶ ለዓለም ካሳየ ወዲህ ያገለገለ መሣሪያ ነው፤ አቅሙ ግን ውስን ነው። በማይክሮስኮፕ ጀርሙ እንዲታይ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ 10,000 ያህል ጀርም መኖር አለበት። ዳንቴል የለበሰው ሳጥን አልትራ የሚባለው ካርትሪጅ ሲገባለት 16 ጀርም ይበቃዋል። ሳጥኑ ጀርሙን በዓይን አይፈልግም። የዘር ቅንጣቱን ይዞ፣ እያሞቀ እያቀዘቀዘ፣ አንዱን ሁለት ሁለቱን አራት እያደረገ እስኪታወቅ ድረስ ያባዛዋል። በዚያው ምርመራ ጀርሙ ዋናውን መድኃኒት መላመድ አለመላመዱን ጨምሮ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ምርመራ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ነው። አገራችን ደግሞ በቲቢ ክፉኛ ከተጠቁት 30 አገሮች አንዷ ናት። እንግዲህ በሽታው ከእኛ፣ ማሽኑም ከእኛ። ካርትሪጁስ?

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ወደ ገበያው እንሂድ።

የዘር ቅንጣትን የማባዛቱን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1983 ያፈለቀው ካሪ ሙሊስ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ሴተስ የተባለው አሠሪው ኩባንያ 10,000 ዶላር ጉርሻ ሰጠው። ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 የዘዴውን ባለቤትነት ለስዊዘርላንዱ ሮሽ በ300 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ሰውየው ከሁለት ዓመት በኋላ ኖቤል ቢሸለምም ገንዘቡ የሄደው ወዲያ ነው። (ለሥራው የሚያስፈልገው ሙቀት የማይፈራ ኢንዛይም የተገኘው ከአሜሪካ ፍልውሃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። እኛ ፍልውሃችንን ለቁርጥማት እንታጠብበታለን። ይኼን በቅንፍ ያልኩት ከንዴቴ የተነሳ ነውና አንባቢ ይለፈኝ።)

የምርመራ ንግድ ከሌላው ንግድ የሚለይበት ጠባይ አለው። ማሽን አንዴ ይሸጣል፣ አንዳንዴም በነፃ ይሰጣል። ትርፉ ያለው ማሽኑ በሚበላው ነገር ላይ ነው። ጂን ኤክስፐርትን ውሰዱ፦ ለአንድ ሰው አንድ ካርትሪጅ፣ ከተጠቀሙበት በኋላ መጣል ነው። የሌላ ፋብሪካ ካርትሪጅ አይገባበትም። ጠመንጃ አስታጥቀውህ ጥይቱን ፍሬ በፍሬ ይሸጡልሃል፤ ዋጋውንም የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። አምራቹ ሴፊድ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2016 ዳናኸር የሚባለው ግዙፍ ድርጅት በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልሎ ገዝቶታል። አራት ቢሊዮን ዶላር የከፈለ ነጋዴ ሳጥኑን ለጽድቅ ብሎ አልገዛውም።

የቲቢው ካርትሪጅ በፊት 16.86 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ መንግሥት፣ ዩኒቴድ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅትና የጌትስ ፋውንዴሽን ለኩባንያው ገንዘብ ከፍለው ለ145 አገሮች 9.98 ዶላር እንዲሆን ተደረገ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ንቅንቅ አላለም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ወጪውን አስጠንቶ፣ ካርትሪጁ በብዛት ሲመረት ከ5 ዶላር በታች እንደሚያወጣ ይፋ አደረገ። ለምርምሩም ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሕዝብ ገንዘብ እንደገባበት ቆጥሮ አሳየ። ኩባንያው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። በዓመቱ ኮሮና ሲመጣ በዚያው ሳጥን ውስጥ የሚገባውን የኮሮና ካርትሪጅ ለድሃ አገሮች 19.80 ዶላር አለ።

በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የቲቢው ዋጋ ወደ 7.97 ወረደ። የወረደው ታዲያ እንዲሁ አይደለም። ጆን ግሪን የተባለው የወጣቶች ልብ ወለድ ጸሐፊና አንባቢዎቹ ከድንበር የለሽ ሐኪሞችና ከቲቢ ታጋዮች ጋር ሆነው ኩባንያውን በአደባባይ ካስጨነቁት በኋላ ነው። አሁን ኩባንያው «በዚህ ዋጋ አላተርፍበትም» ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ሂሳቡን አላየሁትም። መድኃኒት ክፉኛ ለተላመደው የቲቢ ዓይነት የሚያገለግለው ሌላው ካርትሪጅ ግን በዚያን ጊዜ እዚያው 14.90 ዶላር ላይ ቀርቷል።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። የባዕድ አገር የልብ ወለድ አንባቢዎች ስለ እኛ ሳል ሲጮኹ፣ የእኛ ባለሥልጣን ስለዚህ ዋጋ አንድ ቃል ሲተነፍስ የሰማ አለ? እኔ አልሰማሁም። ማሽን ሲመረቅ ሪባን ሲቆርጡ ግን በቴሌቪዥን አይቻቸዋለሁ። ካርትሪጅ ሪባን የለውም።

ደግሞ ሂሳቡን በብር እናስላው። ዋጋው በዶላር ወረደ ሲባል እኛ ጋ ወጥቷል። በ2016 ዓ.ም መባቻ፣ ዋጋው ሊቀነስ ሲል፣ ዶላር በባንክ 55 ብር ገደማ ነበር፤ አንዱ ካርትሪጅ 550 ብር ያህል ማለት ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ብር ለገበያ ተለቀቀ። ዓመት ሳይሞላው ዶላር ከ130 ብር አለፈ። 7.97ን በ130 ያባዛ ሰው ከ1,000 ብር በላይ ያገኛል። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ታግለው ያስቀነሱትን ሁለት ዶላር የእኛ ምንዛሪ በልቶ፣ በላዩ ላይ እጥፍ አድርጎ አስቀመጠው። «ለጋሾች በዶላር ስለሚከፍሉ አይነካንም» የሚል ይኖራል።

አይነካንም? ጥር 2017 ዓ.ም ላይ አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ እርዳታውን በአንድ ፊርማ ሲያስቆም የሆነውን እናስታውስ። በአሜሪካ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ኮንትራት እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር ለክልሎች መጻፉ ተዘገበ። የተራድኦ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ተዘጋ። የቲቢ ፕሮግራማችን የቆመው በአብዛኛው በእንዲህ ዓይነት ገንዘብ ላይ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት ለማኅበርተኛ ጌጥ ብቻ የተነገረ አይደለም። የአሜሪካ ግብር ከፋይ የጎረቤቴን አክታ እስከ መቼ ያስመርምር? የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለማዋል ቃል ገብተው ነበር፤ ያንን ቃል ዛሬ የሚያነሳው የለም።

በዚህ ሁሉ መሐል የሚሠራ ሰው የለም እንዳልል ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ማሽን ከሌለበት ጤና ጣቢያ አክታውን ማሽን ወዳለበት የሚያደርሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፖስታ ቤት ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሲጠፋ የእኛ ፖስተኞች በቀዝቃዛ ሳጥን የታሸገ አክታ ይዘው ከወረዳ ወረዳ ይጓዛሉ። እንዲህ ዓይነት ነገር የሠራን ሕዝብ ነን። ፖስተኛው አክታውን ተሸክሞ ደርሶ «ካርትሪጅ የለም» ሲባል ምን እንደሚሰማው እናንተው ገምቱ።

ማሽኑም ቢሆን ዳንቴል የለበሰው ካርትሪጅ ስላጣ ብቻ ላይሆን ይችላል። አራቱ በሮች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይሠራሉ፤ አንዱ ቢበላሽ የቀኑ ሥራ በሩብ ይቀንሳል። በየዓመቱ ልኬቱ መስተካከል አለበት፤ ይኼም በኩባንያው መንገድ ነው። ካርትሪጁ ከ28 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ መጋዘን መቀመጥ የለበትም። ጋምቤላንና ሰመራን የሚያውቅ ሰው ይፍረድ። መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት አገር የጄነሬተር ነዳጅ የማን በጀት እንደሆነ የጠየቅኋቸው ሁሉ ትከሻቸውን ነቀነቁ።

ለመሆኑ አቅም አጥተን ነው? ኮሮናን እናስታውስ። መጀመሪያ የተጠረጠረ ሰው ናሙና የሚላከው ደቡብ አፍሪካ ነበር። ወዲያው በራሳችን ላቦራቶሪ መመርመር ተጀመረና መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው ሕመምተኛ እዚሁ ተለየ። በወራት ውስጥ የመርማሪው ላቦራቶሪ ቁጥር ተንበሸበሸ። ከዚያ ለውጭ ተጓዥ የምርመራ ወረቀት ግዴታ ሲሆን ገንዘብ ያለው ሰው ውጤቱን በማግስቱ ይዞ ቦሌ ይገባ ነበር። የአውሮፕላን ተሳፋሪ በአንድ ቀን፣ የታክሲ ተሳፋሪ በአምስት ሳምንት! መስከረም 2013 ዓ.ም ላይ ደግሞ ከቻይናው ቢጂአይ ጋር የኮሮና መመርመሪያ ኪት ፋብሪካ ቦሌ ለሚ ላይ በታላቅ ድምቀት ተመረቀ። በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ኪት ያመርታል፣ ኮሮና ሲያበቃም ለሌሎች በሽታዎች ይሆናል ተብሎ ተነገረን። እኔም ያኔ አጨብጭቤአለሁ። በኮሮና ዘመን የታየው ጥድፊያ የመጣው በሽታው ሚኒስትርና ሹፌር ስለማይመርጥ ይመስለኛል። ቲቢ ግን ምርጫ ያውቃል፤ ጠባብ ቤት፣ የተዘጋ መስኮት፣ የጎደለ ምሳ ይወዳል።

አሁን በዓለም ላይ ሌሎች ተወዳዳሪዎች መጥተዋል። የህንዱ ሞልቢዮ በባትሪ የሚሠራ ትሩናት የተባለ ማሽን ሠርቶ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀብሎታል። ህንድ የራሷ ጠመንጃ ከራሷ ጥይት ጋር አላት ማለት ነው። ገዢ የሆነ አገር ቢያንስ ሁለት ሻጭ ያወዳድራል። መርካቶ ሽንኩርት የምትገዛ እናት የምታውቀው ነገር ነው። እኛ ግን የለጋሹን ዝርዝር ተቀብለን «እግዜር ይስጥልን» ብለን እንገባለን።

ስለዚህ ለጤና ሚኒስቴርም ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም ጥያቄ አለኝ። ባለፈው የበጀት ዓመት ከመንግሥት ግምጃ ቤት በወጣ ገንዘብ ስንት የቲቢ ካርትሪጅ ተገዛ? በአገሪቱ ካሉት ማሽኖች ዛሬ ጠዋት የሠሩት ስንቶቹ ናቸው? ካርትሪጅ ሲያልቅ ለጤና ጣቢያው ቀድሞ የሚነግረው ማነው? የቦሌ ለሚው ፋብሪካ ለቲቢ ምን አመረተ? መልሱ በዚሁ ጋዜጣ፣ በዚሁ ገጽ፣ ሳይቆረጥ እንዲወጣ ከአዘጋጁ ጋር ተነጋግሬአለሁ። የምክር ቤት አባላትም ካነበባችሁት አንዷን ጥያቄ እንኳ መርጣችሁ ብታነሱልን አንጠላም። የኛ ወረዳ ተመራጭ ስልክ አያነሱም እንጂ ለእሳቸው በቀጥታ እነግራቸው ነበር።

ወንድሜ ስድስት ወሩን ጨርሶ ድኗል። ክብደቱም ተመልሷል፣ ሥራውም ላይ ነው። አንድ አዲስ ዓመል አምጥቷል፤ ታክሲው እንደሞላ መስኮት ይከፍታል። ተሳፋሪው ደግሞ «ኧረ ዝጋው አንተ ልጅ፣ ብርድ ልታስመታን ነው እንዴ!» እያለ ይጮኽበታል።