እጮኛዬ «ላይሰንስ ሳልይዝ አልመጣም» ይለኛል፤ ልመነው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፡- ይድረስ ለዝግጅት ክፍላችሁ። የ25 ዓመት ወጣት ስሆን በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እተዳደራለሁ። እጮኛዬ የተመረቀው እዚሁ አገራችን በአካባቢ ጤና ነው። በአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትም 3 ዓመት ሠርቷል። ሥራው ሆቴል፣ ሥጋ ቤትና ዳቦ ቤት እየዞረ ወጥ ቤቱንና መፀዳጃ ቤቱን ማየት ነበር። ጓደኞቼ «የሽንት ቤቱ ሐኪም እንዴት ነው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር ሰው ሲጠይቀኝ «ጤና ባለሙያ ነው» ብዬ አልፋለሁ እንጂ ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

ቀለበት ካሰርን በኋላ በቤተሰብ በኩል ወደ አሜሪካ ሄደ፤ አሁን ቴክሳስ፣ ዳላስ ከተማ ነው የሚኖረው። 2 ዓመት ሆነው። ሲሄድ «በዓመቱ መጥቼ እንጋባለን» ብሎኝ ነበር። ዓመቱ ሲደርስ ግን «የሙያዬን ላይሰንስ ሳልይዝ አልመጣም» አለ። አንዴ «ትራንስክሪፕቴ እየተገመገመ ነው»፣ አንዴ «ፈተና አለብኝ»፣ አንዴ «የ2 ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ»፣ ባለፈው ደግሞ «ደንቡ ተቀይሯል» አለኝ።

ለበዓል ከዋሽንግተን የመጣችው አክስቴ ይህንን ስትሰማ ከት ብላ ሳቀችና «ሽንት ቤት ለማየት ደግሞ የምን ላይሰንስ! አሜሪካ ላይሰንስ ማለት መንጃ ፈቃድ ነው። ሌላ ሴት ይዞ እያታለለሽ ነው» አለችኝ። እናቴም አንድ ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ በየቀኑ ትነግረኛለች። እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። በእውነት እንዲህ ዓይነት ላይሰንስ አለ? ልመነው ወይስ ልተወው?

ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፡- እህታችን፣ «ወሬ ቢነግሩሽ መላ ጨምሪበት» ይላሉ አበው። ስለዚህ ከልብሽ ጉዳይ በፊት የላይሰንሱን ጉዳይ እናጥራ። አክስትሽ ቅር አይበላቸውና ተሳስተዋል። ላይሰንሱ አለ!

አሜሪካ ውስጥ ይህ ሙያ «ሳኒታሪያን» ወይም «የአካባቢ ጤና ስፔሻሊስት» ይባላል። የምግብ ቤት ንጽህና፣ የመጠጥ ውሃ፣ የፍሳሽ አወጋገድ፣ የመዋኛ ገንዳ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ንጽህና… ይህ ሁሉ የእነሱ ሥራ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ሕግ ነው። በአንዳንዱ ስቴት ያለ ፈቃድ ሥራው ውስጥ አይገባም። በአንዳንዱ ሥራው ባይከለከልም በማዕረጉ መጠራት አይቻልም። በሌላው ደግሞ ነገሩ ለቀጣሪው የተተወ ነው። ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. በ1937 የተቋቋመው ብሔራዊ የአካባቢ ጤና ማኅበር የራሱን የምስክር ወረቀትና ፈተና ይሰጣል፤ ብዙ ስቴቶችም በዚሁ ፈተና ይጠቀማሉ። አክስትሽ የሚኖሩበት አካባቢ እንግዲህ ሌላ ሕግ፣ እጮኛሽ ያለበት ቴክሳስም ሌላ ሕግ ነው ያላቸው። የዋሽንግተኑን ይዞ በዳላሱ ላይ መፍረድ አይሆንም።

ቴክሳስ ምን ይጠይቃል?

«ሬጂስተርድ ሳኒታሪያን» ለመባል አንደኛ የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል። ከዲግሪው ውስጥ ቢያንስ 30 ክሬዲት ሰዓቱ የሳይንስ ትምህርት መሆን አለበት። ሁለተኛ በሕዝብ ጤና ላይ የተወሰነ ሥልጠና፣ ሦስተኛ በሙያው የ2 ዓመት የሙሉ ጊዜ የሥራ ልምድ፣ አራተኛ ፈተና። ትምህርቱ ኖሮት ልምዱ የጎደለው ሰው በተለማማጅ ሳኒታሪያንነት ተመዝግቦ እየሠራ ልምዱን ይሞላል። ከውጭ አገር ዲግሪ ይዞ የሄደ ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ዲግሪው ከአሜሪካኑ ጋር እኩል መሆኑን በገምጋሚ ድርጅት ማስመስከር አለበት።

እስቲ አሁን እጮኛሽ በየተራ የነገረሽን መልሰሽ አንብቢው። የትራንስክሪፕት ግምገማ፣ ፈተና፣ የ2 ዓመት ልምድ… አንድም ከአየር ላይ የወረደ ነገር የለበትም! የሚዋሽ ሰው ይህንን ያህል ተጨንቆ ሕግ አያጠናም ባንልም፣ የነገረሽ ነገር ከእውነተኛው መንገድ ጋር ገጥሟል።

«ደንቡ ተቀየረ» ሲልስ?

ይኼም ያለ ነገር ነው። እኛ አገር አዋጅ በምክር ቤት ይወጣል፣ ዝርዝሩ ደግሞ በደንብና በመመሪያ ይሞላል አይደል? እዚያም እንደዚያው ነው። የቴክሳስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሕግ መሠረት የሳኒታሪያኖች ፈቃድ ከስቴቱ የጤና አገልግሎት መሥሪያ ቤት ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር ወር 2017 መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ስቴቱ የፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ተዛውሯል። ኦሃዮም እ.ኤ.አ. በ2018 ራሱን የቻለውን የሳኒታሪያኖች ቦርድ ዘግቶ ሥራውን ለጤና መምሪያው ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ «ሳኒታሪያን» የሚለውን ስም ራሱን ከሕጉ አውጥቶ «የአካባቢ ጤና ስፔሻሊስት» በሚል ተካው።

ከዚህም ሌላ በቴክሳስ ሕግ ማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያወጣውን ደንብ በየ4 ዓመቱ እንደገና እያየ «ይቀጥል፣ ይሻሻል ወይስ ይሰረዝ?» ማለት ግዴታው ነው። ክፍያው ይለወጣል፣ ቅጹ ይለወጣል፣ ለእድሳት የሚጠየቀው ተጨማሪ ትምህርት ይለወጣል። ጥሩነቱ ግን ሁሉም በአደባባይ ነው የሚሆነው። ረቂቁ «ቴክሳስ ሬጂስተር» በሚባለው በየሳምንቱ በሚወጣው የስቴቱ ጋዜጣ ይታተማል፤ ሕዝቡ አስተያየት የሚሰጥበት 30 ቀን ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚጸድቀው። ሲጸድቅም ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን አብሮ ይጻፋል።

ስለዚህ እህታችን፣ «ደንቡ ተቀይሯል» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ጭጋግ አይደለም። የተቀየረው ምኑ እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሊነገር የሚችል ነገር ነው።

እውነትንና ሰበብን መለያው

ሳትቆጪ፣ ሳታለቅሺ፣ አክስትሽንም ሳትጠቅሺ እነዚህን ጠይቂው፡-

1. ዲግሪህ ተገምግሞ ውጤቱ መጣ? ከ30ው የሳይንስ ክሬዲት ስንት ያዙልህ? የጎደለ ካለ የት ልትማረው ነው?

2. እዚህ የሠራኸውን 3 ዓመት አስገብተሃል? ምን አሉህ?

3. አሁን በተለማማጅነት ተመዝግበሃል ወይስ ገና ነህ? ልምዱን የምትቆጥረው የት መሥሪያ ቤት እየሠራህ ነው?

4. ፈተናው መቼ ነው? ተፈትነህ ከሆነስ ውጤቱ?

5. የተቀየረው የትኛው ደንብ ነው? አንተንስ በስንት ወር ያዘገይሃል?

በዚህ መንገድ ላይ በእውነት የሚጓዝ ሰው እነዚህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም። እንዲያውም «እስከ ዛሬ የሚገባት ሰው አጥቼ ነበር» ብሎ ሁለት ሰዓት ሊያወራሽ ይችላል! ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። «አንቺ ምን አገባሽ?»፣ «አይገባሽም» የሚል መልስ ከመጣ ግን ያን ጊዜ ችግሩ ከላይሰንሱ ላይ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ቴክሳስ ውስጥ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስም ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ይገኛል። ነገር ግን ስሙን አጣሁት ብለሽ ቀለበትሽን እንዳታወልቂ! ገና በግምገማ ላይ ያለ ሰው ስሙ አለመኖሩ የሚጠበቅ ነው። ደግሞም እጮኛን እንደ ሌባ በጓሮ ከመከታተል ፊት ለፊት መጠየቅ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን እንጨምርልሽ። የትኛውም የላይሰንስ ደንብ ሰውየው ፈቃድ ወስዶ መጥቶ እንዳያገባ አይከለክልም። የመኖሪያ ወረቀቱ ወይም የገንዘብ አቅሙ ሊያዘገየው ይችላል፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነውና በስሙ ይጠራ። ምናልባትም ወንድማችን ባዶ እጁን መምጣት አፍሮ ይሆናል። ሌሊት ሌላ ሥራ እየሠራ ቀን የሚያጠና ሰው «የሽንት ቤቱ ሐኪም ተመለሰ» ከመባል «ላይሰንሴን ይዤ መጣሁ» ማለት ይመርጣል። ይህንን እፍረት ማን አስለመደው?

እዚህ ላይ ወደ አንቺ እንምጣ

እህታችን፣ በደብዳቤሽ ውስጥ ከአክስትሽ ንግግር ይልቅ ያሳሰበን አንድ መስመር አለ። ሥራውን ስትጠየቂ «ዝርዝር ውስጥ አልገባም» ብለሻል። እስቲ ራስሽን ጠይቂ፤ የምትጠራጠሪው መዘግየቱን ነው ወይስ ሙያውን? ነገ ላይሰንሱን ይዞ ቢመጣ ለጓደኞችሽ በሙሉ አፍሽ ትናገሪያለሽ?

ይህ ሙያ እኛ አገር እንግዳ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ያሠለጥን የነበረው ሦስት ዓይነት ባለሙያ ነበር፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ሦስቱ አንድ ቡድን ሆነው ነበር ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄዱት። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አተት ሲገባ ጥሬ ሥጋና ሰላጣ የፈራነውን ታስታውሻለሽ? ሐኪሙ የታመመውን በጉሉኮስ ያተርፋል፤ በሽታው ከየትኛው ውኃና ከየትኛው ወጥ ቤት እንደመጣ ፈልጎ የሚዘጋው ግን የአንቺው ዓይነት ሰው ነው።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ይህንን የተማሩት ቀስ ብለው ነው። ካንሳስ ውስጥ ሳሙኤል ክራምባይን የሚባል ሐኪም ነበር። በዚያን ጊዜ በባቡር ጣቢያና በትምህርት ቤት አንድ ኩባያ ተቀምጦ የሳንባ ነቀርሳ ያለበትም ጤነኛውም በእሱ ነበር ውኃ የሚጠጣው። ሰውየው ተሟግቶ እ.ኤ.አ. በ1909 ካንሳስ የጋራ ኩባያን እንዲያግድ አደረገ። ሰዉ ዝንብ እንዲገድልም ትልቅ ዘመቻ አካሂዷል። በጊዜው የሳቁበት አልጠፉም። ዛሬ ግን የምግብ ንጽህናን በደንብ ለሚቆጣጠር የጤና መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ትልቁ ሽልማት በእሱ ስም ነው የሚጠራው።

ለሙያው ልጆች

በዚሁ አጋጣሚ የአካባቢ ጤና ለምትማሩ ወንድሞችና እህቶች አንድ ሁለት ነገር እንበል። እዚህም ቢሆን «ዲግሪ ካለኝ በቃኝ» የሚባልበት ዘመን አልፏል። ጤና ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎችን ብሔራዊ የብቃት ፈተና ጀምሯል፤ ፈቃድ ለማሳደስም ተከታታይ የሙያ ሥልጠና ይጠየቃል። ወደ ውጭ ለመሄድ የምታስቡ ደግሞ ኦፊሴል ትራንስክሪፕታችሁን፣ የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫና የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ሳትወጡ ያዙ። ደብዳቤው «ሠርቷል» ብቻ ሳይሆን ምን እንደሠራችሁና ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁ የሚናገር ይሁን። ባሕር ማዶ ሆኖ ከሬጅስትራር ወረቀት ማስወጣት ስንት ወር እንደሚፈጅ የደረሰበት ያውቀዋል። «ላይሰንሱን በገንዘብ አስጨርሳለሁ» የሚል ደላላ ከገጠማችሁ ግን ሳትሰናበቱት ሂዱ።

ወደ አንቺ ስንመለስ፣ እህታችን፣ ምክራችን ይኸው ነው። እናትሽን በአክብሮት «እማዬ፣ አንድ ወር ስጪኝ፤ ሽማግሌ አትቀበዪ» በያቸው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ነውና ከጥርጣሬ ሸሽቶ የተገባ ትዳር አይበጅም። በዚህ አንድ ወር ውስጥ አምስቱን ጥያቄዎች ጠይቂው፤ መልሱንም ጽፈሽ ያዢ። ከዚያ «ላይሰንሱ ቢመጣም ባይመጣም የምንጋባበትን ቀን ንገረኝ» በዪው። ቀን ከነገረሽ ጠብቂው። መልስም ቀንም ከነሳሽ ቀለበቱን በክብር መልሺ፤ ግን ለነጋዴው ስትይ ሳይሆን ለራስሽ ስትይ ይሁን።

የደረስሽበትን ጻፊልን። ስምሽ እንደተለመደው በእኛ ዘንድ ይቀራል።