ለውድድር የተሠራ ሳይክል ለገበያ መንገድ አይሆንም

ወገኖቼ፣ እኛ ነጋዴዎች ነን። ቦሎቄ ስንገዛ ጆንያውን አስፈትተን፣ እፍኝ ዘግነን፣ ነቀዝ እንዳለውና እንደሌለው አይተን ነው። ሳይክል ስንገዛ ግን ቀለሙን እናያለን፤ በአንድ እጅ አንስተን «አቤት ሲቀል!» እንልና ብሩን ወይም ሽልንጉን እንቆጥራለን። ከአውሮፓ አገልግሎ የመጣ፣ መሪው ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው እንደ አውራ ጣት የቀጠነ የውድድር ሳይክል ለተማሪ ልጅና ለሱቅ ሥራ ይገዛል። እኔ ይህ ገንዘብ ማባከን ነው እላለሁ፤ ምክንያቴንም እዘረዝራለሁ።

«አስፋልት አለን» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ከኢሲዮሎ በማርሳቢት አድርጎ ሞያሌ የሚገባው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ነው። ነገር ግን በሳይክል ማርሳቢት የሚሄድ ማን አለ? እኛ የምንሄደው ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ኬላ ነው። ከዋናው መንገድ እንደታጠፍን አቧራ፣ ጠጠርና የግራር እሾህ ይቀበለናል። በአስፋልቱም ላይ ቢሆን ከባድ መኪና ከኋላ ሲመጣ ወደ ጠርዙ መውረድ ግድ ነው። እዚያ ጠርዝ ላይ 23 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል፤ ነፋሱ ትንሽ ከጎደለ ደግሞ ድንጋይና ቸርኬ መሃል ተቆንጥጦ የውስጡ ጎማ ይበሳል።

«ሰፊ ጎማ ያዘገያል» የሚለውም ወሬ ነው። በለስላሳ አስፋልት ላይ ለሚሽቀዳደም ሰው ልዩነት ይኖረው ይሆናል። በጠጠር ላይ ግን የጠነከረ ቀጭን ጎማ ይዘላል፤ ሰፊው ጠጠሩን ውጦ ያልፋል። ስለዚህ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ክብደቱን ሳይሆን በጎማውና በፍሬሙ መካከል ያለውን ክፍተት ይሁን። 32 ወይም 35 ሚሊ ሜትር ጎማ ከነጭቃ መከላከያው የማያስገባ ፍሬም ለእኛ አይሆንም።

የክብደቱንም ነገር እንየው። የዓለም ብስክሌት ማኅበር ለውድድር የሚፈቅደው ትንሹ ክብደት 6.8 ኪሎ ነው። የእኛ ሳይክል 13 ኪሎ ቢሆን ልዩነቱ ስድስት ኪሎ ገደማ ነው። ከኋላ 15 ኪሎ ሩዝ ለሚጭን ሰው ይህ ምኑ ነው? ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ኮርተናል። ግን ከእሱ ኋላ መለዋወጫ ጎማና መካኒክ የጫነ የቡድኑ መኪና ይከተል ነበር። ከእኛ ልጅ ኋላ የሚከተለው ቦዳ ቦዳ ብቻ ነው፤ እሱም ክላክስ እያደረገ።

ሁለተኛው ጉዳይ ፍሬን ነው። በኬንያ በግራ እንነዳለን፣ ኬላውን ስናልፍ በቀኝ። በየቀኑ መስመር የሚቀይር ሰው ፍሬኑን ሳያስብ ማግኘት አለበት። ከእንግሊዝ የመጣ ሳይክል የፊት ፍሬኑ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ እጅ ነው፤ ከሌላው አውሮፓ የመጣ ደግሞ በግራ። በቁልቁለት ላይ የኋላው መስሎት የፊቱን አጥብቆ የጨበጠ ልጅ በመሪው ላይ ይወረወራል። ሳይነዳ በፊት ይታይ፣ ይለመድ። በዘይት ከሚሠራው ፍሬን ይልቅ በሽቦ የሚሠራውን ምረጡ፤ ሽቦ ማንም ፉንዲ ይቀይረዋል።

ሦስተኛው መለዋወጫ ነው። ሻጩ «28 ነው» ቢላችሁ አትመኑ። በተለምዶው ትልቅ ጥቁር ሳይክል ጎማ ላይ 28 ተብሎ 635 የሚል ቁጥር አለ፤ በውድድር ሳይክሉ ላይ 622 ነው። አንዱ ለሌላው አይገባም። ቁጥሩን ከጎማው ጎን አንብቡና በሰፈራችሁ የሚሸጥ መሆኑን ጠይቁ። ማርሹም እንደዚሁ ነው፤ ከኋላ 7 ወይም 8 ጥርስ የተደረደረበት ሰንሰለቱ ርካሽ ነው፣ 11 ያለው ውድ ነው። ብረት ፍሬም ቢሰበር ጁአ ካሊ ይበይደዋል፤ ካርቦን ከተሰነጠቀ ብየዳ አያድነውም።

«እንግዲያው ብላክ ማምባ እንግዛ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥንካሬውን አከብራለሁ፤ ግን ማርሽ የሌለው ከባድ ሳይክል በዳገት ላይ ጭነትን ከነነጂው ያስገፋል። በተለይ ለሴቶች ልጆቻችን። ሳይክል ለወንድሟ ብቻ የሚገዛበት ቤት፣ እሷ በእግሯ እየሄደች የምታጠፋውን ሰዓት ማንም አይቆጥረውም። የላይኛው ብረት ዝቅ ያለ፣ መሪው ቀጥ ያለ፣ ቀላል ማርሽ ያለው ሳይክል ለሁለቱም ይሆናል።

በኮሜርስ ትምህርት ቤት የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ የግዢ ዋጋና ወጪ አንድ አይደሉም። ሳይክሉ መለዋወጫ አጥቶ በቆመበት ሳምንት ሁሉ የቦዳ ቦዳ ሂሳብ ይከፈላል፤ ልጁ ከትምህርት ይዘገያል፣ ዕቃው ለደንበኛ አይደርስም። ይህን ደምራችሁ «ርካሽ ነበር» የምትሉት ሳይክል ስንት እንደሆነ እዩ።

እናንተ ሳይክል የምታመጡ ወንድሞችና እህቶችም ጥፋቱ የገዢ ብቻ አይደለም። የሚያብረቀርቀውን ስላመጣችሁ ነው የሚያብረቀርቀው የሚሸጠው። ሰፊ ጎማ የሚያስገባ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛ የሚታሰርበት፣ በሽቦ ፍሬን የሚቆም ሳይክል አምጡ፤ ጎማውንም አብራችሁ አምጡ። ገዢም ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ። ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ ይባል የለ?