ተቀባዩ ሲዘጋ ሐራራው የት ይሄዳል?

አይጧ ጀርባዋ ላይ ቀጭን ቱቦ ተተክሎላታል፤ ጫፉ አንገቷ ውስጥ ካለው ደም ሥር ገብቷል። ከፊቷ ካለው ግድግዳ ትንሽ ዘንግ ወጣ ብላለች። ዘንጓን በተጫነች ቁጥር ጥቂት ሄሮይን ይገባላታል። ጄምስ ዊክስ በ1962 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ይህን ስልት በሞርፊን ካሳየ ወዲህ በየቤተ ሙከራው የሚታየው ይኸው ነው፦ ማንም ሳያስገድዳት ትጫናለች፣ ደግማም ትጫናለች።

ለዚህች አይጥ የሄሮይንን መንገድ የሚዘጋውን ናልትሬክሶን በትንሹ ብንሰጣትስ? ትተዋለች ስንል ጭራሽ ይብስባታል፤ ዘንጓን ቶሎ ቶሎ ትጫናለች። የጎደለባትን እየሞላች ነው። የምትተወው የመድኃኒቱ መጠን ሲጨምርና የቱንም ያህል ብትጫን ምንም እንደማታገኝ ስትለምደው ነው። መንገዱን መዝጋትና ፍላጎቱን ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዘጊ መድኃኒቶች ድክመት በሰው ሕክምና ላይ ሲታይ ብዙዎች ተገረሙ፤ እኔ ግን አይጦቹ አስቀድመው ነግረውን ነበር ባይ ነኝ።

በመዝጋት ላይ የተጣለው ተስፋ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1973 ካንዴስ ፐርትና ሰለሞን ስናይደር በባልቲሞር፣ ጨረር በሚያመነጭ ናሎክሶን (ይህም ዘጊ መድኃኒት ነው) ተጠቅመው እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያሉ ኦፒዮይዶች የሚያርፉባቸው ተቀባዮች አንጎል ውስጥ መኖራቸውን አሳዩ። በ1996 ደግሞ የብሪጂት ኪፈር ቡድን በስትራስቡርግ፣ ሚዩ የተባለው ተቀባይ የሌላቸውን አይጦች ፈጠረ። እነዚህን አይጦች ሞርፊን ሕመማቸውን አላስታገሠላቸውም፣ ደስታም አልሰጣቸውም፣ ሲቋረጥባቸውም አልታመሙም። ማስታገሻውም፣ ደስታውም፣ ጥገኝነቱም በአንድ በር ያልፋሉ ማለት ነው። በሩ ከታወቀ መዝጋት ነው እንጂ ሌላ ምን ይፈለጋል ያለ ሰው አይፈረድበትም።

ችግሩ ሐራራ ላይ ነው። በእኛ ቋንቋ ቃሉ የሰውነትን መታመምም የልብን መሻትም አንድ ላይ ይይዛል፤ ቤተ ሙከራው ግን ሁለቱን ለያይቶ አሳይቷል። ሞርፊን ለለመደች አይጥ ናሎክሶን ሲወጋላት በደቂቃዎች ውስጥ ከውሃ እንደወጣ ውሻ ሰውነቷን ታራግፋለች፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ ያስቀምጣታል። ናልትሬክሶን የሚጀምር ሰውም በቅድሚያ ከአንድ ሳምንት በላይ ከዕፁ መታቀብ ያለበት ለዚህ ነው። ያን ሳምንት የሚሻገረው ደግሞ ሁሉም አይደለም። በአሜሪካ 570 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2018 የታተመ ጥናት ናልትሬክሶን ከተመደበላቸው 28 በመቶው መድኃኒቱን መጀመር እንኳ እንዳልቻሉ አሳይቷል፤ ተቀባዩን በከፊል የሚያነቃቃው ቡፕረኖርፊን ከተመደበላቸው ግን መጀመር ያልቻሉት 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። የጀመሩት ውጤታቸው ተቀራራቢ ስለነበር መድኃኒቱ አይረባም ማለት አይቻልም። ከመጠን በላይ ወስዶ ትንፋሹ ሊቋረጥ የተቃረበን ሰው ናሎክሶን በደቂቃዎች ይመልሰዋል፤ ይህ ለእኔ የሕክምና ትልቅ ጸጋ ነው።

ሁለተኛው ሐራራ፣ የልቡ መሻት፣ ግን ከዚህ ይለያል። ሐኪሙ አብርሃም ዊክለር በሌክሲንግተን፣ ኬንታኪ፣ ከዕፅ ለወራት የራቁ ሕሙማን ስለ ዕፁ ወሬ ሲነሣ ሲያዛጉና ዓይናቸው እንባ ሲያቀር አስተዋለ። በ1967 ከባልደረባው ፔስኮር ጋር ባሳተመው የአይጥ ሙከራም፣ ሐራራ ይዟቸው በነበረበት ቦታ የተመለሱ አይጦች ሰውነታቸውን ያራግፉ ነበር። ሞርፊኑ ከሰውነታቸው ከወጣ ቆይቷል፤ ቦታው ግን አለ። ቦታን ከትዝታ የሚለያይ ዘጊ የለም።

በሩን ለረጅም ጊዜ ዘግቶ ማቆየትም የራሱ ጣጣ አለው። ናልትሬክሶን ያለማቋረጥ የተሰጣቸው አይጦች ተቀባያቸው ቁጥሩ ይጨምራል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥም ሞርፊን ከበፊቱ ይልቅ ይበረታባቸዋል።

በ2018 ማርኮ ቬኒሮና ያቪን ሻሃም ያሳተሙት ሙከራ እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። አይጧ ሁለት ዘንግ ቀረበላት፤ አንዱ ዕፅ ይሰጣታል፣ ሌላው ደግሞ በማዶ ወዳለች ሌላ አይጥ የሚያስገባ በር ይከፍታል። አይጦቹ በአብዛኛው የመረጡት በሩን ነበር። በዚያ ምርጫ ውስጥ የተዘጋ ተቀባይ አልነበረም።